ልጁ ብቻውን ታንኳ ልቅዘፍ ሲል

አዲሎ ሐይቅ የላትም። የእኛ ልጆች የሚያውቁት ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ፣ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ፣ ቢበዛ ደግሞ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ አባያ የሚገባውን ቢላቴን ያዩ አሉ። ሻሾጎ ዘመድ ያላቸው ደግሞ የቦዮን ሐይቅ ከዳር ሆነው ተመልክተዋል። ዋና የሚችሉትን ቁጠሪ ብትሉኝ ግን የአንድ እጄ ጣቶች ይተርፉኛል።

ታዲያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ይመጣና የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይወጣል። አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው አርባ ምንጭ፣ ሦስተኛው ባሕር ዳር ይደርሰዋል። ሦስቱም ከተሞች ሐይቅ አጠገብ ያሉ ናቸው። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቆሎውንና ቆጮውን አዘጋጅተን፣ ከመጥፎ ጓደኛ ተጠንቀቅ ብለን መክረን እንሸኛለን። ስለ ውሃ ግን አንዲት ቃል አንናገርም። በሕክምና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰምጠው የመጡ ወጣቶችን ተቀብያለሁ፤ ከእነሱ መካከል ሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ እንደ እኛ ልጆች ደጋ ያደጉ፣ ውሃ አይተው የተደሰቱ ናቸው።

የልጅ ልጄም ከእነዚህ ተመዳቢዎች አንዱ ነበር። ባሕር ዳር በገባ በሁለተኛው ዓመት ለእናቱ ስልክ ደውሎ «ጣና ላይ ታንኳ መቅዘፍ እየተማርኩ ነው፤ ትልቁን ሳይሆን አንድ ሰው የሚይዘውን» ይላታል። ልጄ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። «እማዬ፣ አንቺ ነርስ ነሽ፤ አንቺ ከከለከልሽው ይሰማል» አለችኝ። እኔ አልከለከልኩትም፤ ነገሩን ሳላይ አልፈርድም አልኳት። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ስለነበር ጊዜ አላነሰኝም፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄጄ አየሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው እዚያ ከታንኳ ሠሪዎች የተማርኩትንና ከሙያዬ የማውቀውን አንድ ላይ አድርጌ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእናንተም ቤት መምጣቱ አይቀርምና።

ታንኳ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንጌል ሲነበብ ደቀ መዛሙርቱ የሚሳፈሩት በታንኳ ነው፤ ልጆች ሆነን በአእምሯችን የምንሥለው ግን ከሳንቃ የተሠራ የእንጨት ጀልባ ነበር። የጣናው ታንኳ ሌላ ነው። የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ያው የውሃ ዳር ተክል ነው። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ወፍራሙ ነዶ ከሥር ሆኖ ሆዱን ይሠራል፣ ቀጫጭኖቹ በግራና በቀኝ ጠርዝ ይሆናሉ። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። ማሰሪያው ድሮ ከዛፍ ልጥ የተገመደ ነበር፤ አሁን ናይለን ገመድም ይጠቀማሉ። ሚስማር የሚባል ነገር የለበትም።

ይህን ሙያ ከጥንት ጀምሮ ይዘው የቆዩት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ለዘመናት በጎረቤት የተናቁ፣ ማዕድ የተነፈጉ ሕዝቦች ናቸው። እኛም ዘንድ በሸክላ ሠሪውና በቆዳ ፋቂው ላይ ስንት ግፍ እንደተሠራ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። የሚንቃቸው ሰው ግን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨቱንና ቡናውን ሲያሻግር የኖረው በእነሱ ዕውቀት በተሠራ ታንኳ ነው።

የደንገልን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ታሪክ ልጨምር። ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ደንገሉን ያስመጣው ከእኛው ጣና ነበር። ግብፅ ውስጥ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ «ራ» የተባለችው ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። ዳር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ግን ከኋላዋ እየተፈታችና ውሃ እየጠጣች መጥታ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተሠርታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ስለዚህ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ሣር ነው ብለሽ አትናቂው» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ያገኘኋቸው አዛውንት ታንኳ ሠሪ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ይበልጣሉ። ለልጁ የትኛው ይሻለዋል ስላቸው ሳቁና «እህቴ፣ በቅሎ ስትገዢ መጀመሪያ ምኗን ታያለሽ?» አሉኝ። እግሯን አልኳቸው። «የታንኳ እግሩ ድርቀቱ ነው» አሉ። ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ ነው። ውሃ ላይ በዋለ ቁጥር አየሩ ቦታውን ለውሃ ይለቅቃል፣ ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ቀዛፊው ከሐይቅ ሲወጣ ታንኳውን ተሸክሞ ዳር ላይ አቁሞ የሚያደርቀው። የተንከባከቡት ለወራት ያገለግላል፤ ውሃ ውስጥ ታስሮ ያደረ በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ማንሳት አለበት። ለአንድ ሰው የሚሆን ደረቅ ታንኳ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ነው። ከባድ ከሆነ ወይ እርጥብ ነው ወይ አርጅቷል።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ጣት በገመዱና በነዶው መካከል ከገባ ላልቷል። አዛውንቱ በእጃቸው መዳፍ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ እኛ ነርሶች የሕመምተኛ ደረትና ሆድ መትተን እንደምናዳምጠው ማለት ነው። ጠብቆ የታሰረው ደረቅ ድምፅ አለው፣ ውሃ የጠጣው ደብ ይላል። ሦስተኛው ስፋቱ ነው። ጠባቡ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ለጀማሪ እንደ አንድ እግር በርጩማ ነው። ሰፊው ይዘገያል፣ ይታገሳል። ለልጅ ልጄ ያስመረጥኩት ሰፊውን ነው። ፊቱ ቅጭም ማለቱን አይቻለሁ፤ ዝም አልኩት።

መቀመጫውም አለ። ታንኳው ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፣ በደንገሉ መካከል ያልፋል። አያሰምጠውም፤ ግን ልብስ ያርሳል። ስለዚህ ሌላ የደንገል ነዶ ከላይ ይደረግና ሰው እሱ ላይ ይቀመጣል። ይህ ነዶ ከፍ ባለ ቁጥር ቂጥ ይደርቃል፣ ታንኳው ግን ለመገልበጥ ይቀርባል። ረጅም ሰዓት በእርጥብ ልብስ ከመዋል በቀር ሌላ ጉዳት የለምና ዝቅ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር ስቆም አንድ ሌላ ነገር ታወሰኝ። ካናዳ ያለው የእህቴ ልጅም እንዲሁ ለልጁ የአንድ ሰው ካኖ ሊገዛ ፈልጎ ነበር። ውጭ አገር ልጅና የልጅ ልጅ ያላችሁ አንባብያን ይህ ይጠቅማችኋል። ካኖ ማለት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከበርች ዛፍ ቅርፊት ይሠሩት የነበረ፣ ከላይ ክፍት የሆነ ቀጭን ጀልባ ነው፤ አሁን ከፕላስቲክ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራል። ለአንድ ሰው የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት አለው። ብዙ ሰው የሁለት ሰው ካኖ ገዝቶ ለብቻው ይቀዝፈዋል። ይህ ለጎልማሳም ይከብዳል፣ ለልጅ ደግሞ አደገኛ ነው። ባዶ የሆነው ጫፍ ከውሃ በላይ ቀና ብሎ ንፋስ ይይዘዋል፤ ቀዛፊው ወደ ቀኝ ሲል ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል። የአንድ ሰው ካኖ መቀመጫው ወደ መካከሉ የተጠጋ ነው፤ ጫፎቹ እኩል ውሃውን ይነካሉ።

ርዝመትና ቅርፅ ላይ ሻጮች ብዙ ያወራሉ። የሚያስፈልጋችሁ ይህ ብቻ ነው። ረጅሙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ለመታጠፍ ይለግማል፤ አጭሩ ቶሎ ይታጠፋል፣ ቀጥ ማለት ያስቸግረዋል። ሐይቅ ላይ ለሚቀዝፍ ረዘም ያለው፣ ጠባብ ወንዝ ላይ ለሚቀዝፍ አጠር ያለው ይሆናል። ክብደቱን ግን ልጁ ራሱ አንስቶ ይየው። ከመኪና አውርዶ ውሃ ዳር ማድረስ የማይችለውን ጀልባ ብቻውን ሊያዝዘው አይችልም። መቅዘፊያም በቁመት ይመረጣል። ልጁ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ቂጡን ከተረከዙ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ መቅዘፊያው ተገልብጦ እጀታው መሬት ሲነካ ዘንጉ ሰፊው ምላስ እስከሚጀምርበት ድረስ አገጩና አፍንጫው መካከል ቢደርስ ልኩ ነው። በጣም የረዘመ ትከሻ ያሳምማል። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ አልገዛም፣ በሰዓት ይከራያል። ይህም ብልሃት ነው፤ የልጅ ቁመት በየዓመቱ ይለወጣል።

ጣና ላይ መቅዘፊያው ሰፊ ምላስ የለውም። ረጅም የቀርከሃ ወይም የእንጨት ዘንግ ነው፤ ቀዛፊው መካከሉን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይነክራል። በሁለቱም ወገን ስለሚቀዝፍ ታንኳው ቀጥ ይላል። ካኖ ቀዛፊ ግን ባለ አንድ ምላስ መቅዘፊያ ይዞ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚቀዝፍ ጀልባው ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ለዚህ መድኃኒቱ የቅዝፊያው መጨረሻ ላይ ምላሱን ከጀልባው ወደ ውጭ ገፋ ማድረግ ነው። መንገዱን ውሃ ላይ ብትሥሉት እንደ ዱላ ቆልማማ ጫፍ ይሆናል። ለመማር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የተማረው ግን ቀኑን ሙሉ ወገን ሳይቀይር ይቀዝፋል።

በሁለቱም ዘንድ አንድ የሆነው የሰውነት አያያዝ ነው። ጀማሪ በክንዱ ይቀዝፋል፣ በግማሽ ሰዓት ይደክማል። የለመደው ወገቡንና ጀርባውን አዙሮ ይቀዝፋል፣ ክንዱ እንደ ገመድ ብቻ ነው። መንበርከክም ይረዳል። ክብደት ዝቅ ሲልና ጉልበት በግራና በቀኝ ከፈት ሲል ጀልባው ይረጋል። መቆም ፈጽሞ አይሆንም። ልጅ ልጄ ሊቆም ሲሞክር አዛውንቱ ከዳር «አንተ ልጅ! ቁጭ በል! ሐይቁ እስቴዲየም አይደለም!» ብለው ጮኹበት። እኔ ብናገር በዚያ ፍጥነት አይቀመጥም ነበር።

ንፋሱስ? ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሆኖ ጥልቀቱ በጣም በጠለቀበት 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ማዕበል ያነሳል። ታንኳ ነጂዎቹ ጎህ ሲቀድ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ይህ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም የሚታይ ነው። የቀዛፊ ደንብ መጀመሪያ በንፋሱ ፊት ለፊት መሄድ ነው። ጉልበት ሳለ ንፋሱን ታግሎ የሄደ ሲመለስ ንፋሱ ራሱ ይገፋዋል። ተቃራኒውን ያደረገ ልጅ በደስታ ርቆ ይሄድና ሲመለስ ጉልበቱ ያልቃል። ሌላው ደንብ ከዳር አለመራቅ ነው። ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው ቢወድቅ ዋኝቶ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ከዳር መራቅ የለበትም። ዋና የማይችል ከሆነስ? እንግዲያው ገና ታንኳ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ከመቅዘፍ በፊት ዋና። ለልጅ ልጄ ያልኩት ይህን ነው፦ ተንሳፍፈህ በጀርባህ መተኛትና ልብስህን እንደለበስክ ትንሽ መዋኘት እስክትችል ድረስ ዘንጉን አትንካ። ሁለት ወር ፈጀበት። አኮረፈ፣ ተማረ።

የሕይወት አድን ጃኬት ሁለተኛው ነው። ጃኬት ጀልባው ውስጥ ሲቀመጥ ጥቅም የለውም፤ ሰውነት ላይ ሆኖ፣ ቁልፉ ተቆልፎ ነው የሚያድነው። ልኩን ለማወቅ ከለበሰ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ፊቱን ከሸፈነ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ውስጡ የተጻፈውን የክብደት ልክ አንብቡ፤ የአዋቂ ጃኬት ለሕፃን አይሆንም። ካላማዳሪያ በወገብ አጥልቆ መግባት በየሐይቁ አያለሁ። ካላማዳሪያ ይገለበጣል፣ ልጁን በጭንቅላቱ ዘቅዝቆ ያስቀረዋል፣ ንፋስም ወደ መሃል ይወስደዋል። መጫወቻ እንጂ መዳኛ አይደለም።

ብቻቸውን መቅዘፍ የሌለባቸው አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ መድኃኒቱን እየወሰደም ቢሆን፣ ብቻውን ውሃ ላይ አይውጣ። መሬት ላይ ለሁለት ደቂቃ የሚጥል ሕመም ውሃ ላይ ነፍስ ይወስዳል። ቤተሰብ ይህን በሽታ ይደብቃል፣ ልጁም በጓደኞቹ ፊት ያፍርበታል፤ ግን አብሮት የሚቀዝፍ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። አስም ያለበት የሚነፋ መድኃኒቱን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝ። የጠጣ ሰው ስለ መቅዘፍ ማሰብም የለበትም።

ስለ ቢልሃርዝያም ልናገር። ጣና፣ ሐዋሳና ዝዋይ ዳር ይህ በሽታ አለ። ተህዋሲው ውሃ ውስጥ ባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ጤነኛ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ዳር ላይ ሣር ያለበትን ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ ማለትም ታንኳ የሚገፋበትን ቦታ። ከጊዜ በኋላ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለ ሰገራ ያመጣል፤ ዓመታት ከቆየ ጉበት ይጎዳል። ሐይቅ ገብቶ የወጣን ልጅ ማስፈራራት አያስፈልግም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፣ ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድነዋል። በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሲመረመር «ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ነበር» ብሎ ይንገር። ይህን ካልተናገረ ባለሙያው ሌላ ነገር ሲፈልግ ይከርማል።

ሐይቆቻችን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከእኛ ዘንድ ለሽርሽር የሚቀርበው በሀላባና በሻሸመኔ በኩል የሚደረስበት ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ከጣና በጣም ያንሳል፤ ግን ከ20 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው። ዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል በጀልባ የተጨናነቀ ነው፣ ጀማሪ እዚያ አይማርም። ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሰነፍና ገራም ይመስላል፤ ነገር ግን በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባን ጀልባ ይገለብጣል። ጉማሬ የታየበትን አካባቢ ርቆ መዞር፣ ሲመሽና ሲነጋጋ ሣር ሊበላ ከሚወጣበት ዳርቻ መራቅ ነው። አባያና ጫሞ ላይ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች በጣም ቀላል ከሆነ የሐይቅ ዳር እንጨት በተሠራች ጠባብ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ሲቀዝፉ ታያላችሁ። እነሱ ከአባቶቻቸው ተምረውት ነው፤ አዞውን በልማዱ ያውቁታል። ጫሞ ላይ «የአዞ ገበያ» የሚባል ቦታ ያለው በከንቱ አይደለም። አርባ ምንጭ የተመደበ ልጅ በትልቅ ጀልባ ከአስጎብኚ ጋር ሄዶ ይይ፣ በቂው ነው።

ወንዝን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ አይሆንም። ቢላቴ በክረምት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1968 የብሪታንያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበት ትልቅ ቡድን በጎማ ጀልባዎች ዓባይን ሲወርድ፣ ያ ሁሉ ሥልጠናና ገመድ እያለ አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰምጦ ሞተ። የሚፈስ ውሃ የተለየ ትምህርት ነው።

ከታንኳ የወደቀ ሰውስ ምን ያድርግ? ታንኳውን ይያዝ። ደንገል ቢገለበጥም አይሰምጥም፤ ፕላስቲክ ካኖም ውሃ ቢሞላ ብዙውን ጊዜ ይንሳፈፋል። ዳሩ ቅርብ መስሎት ታንኳውን ለቅቆ የሚዋኝ ሰው ነው የሚጠፋው። ርቀት ውሃ ላይ ያታልላል፣ ተንሳፋፊ ታንኳ ደግሞ ከሰው ጭንቅላት ይልቅ ከሩቅ ይታያል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በመስጠም እንደሞተ ገምቷል፤ ሩቡ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እነዚህ ሕፃናት ታንኳ አልቀዘፉም። የሰመጡት በጉድጓድ፣ በኩሬ፣ በባልዲ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሐይቅ አይቶ ለማያውቅ ቤትም ነው።

የሚሰምጥ ሰው እንደ ፊልሙ አይጮኽም፣ እጁን አያውለበልብም። አፉ ከውሃው እኩል ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ በዝምታ ይወርዳል። ልጆች እየተንጫጩ ሲጫወቱ ድንገት ዝም ያለውን ተመልከቱ። ልታወጡት ስትሉ ዋና ሳትችሉ ዘላችሁ አትግቡ፤ አንድ የነበረው አስከሬን ሁለት ሲሆን አይቻለሁ። እንጨት አቀብሉ፣ ነጠላ ወርውሩ፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ አዋቂ ሰው ይዞ ያንሳፍፋል። በየቤቱ አለ፤ ሽርሽር ስትሄዱ ገመድ አስራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ካወጣችሁት በኋላ አገራችን የለመደችው እግሩን ይዞ መዘቅዘቅና ሆዱን መጭመቅ ነው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሳይቀር፣ ሙያውን የተማረ ሰው ልጅን ዘቅዝቆ ውሃ ሲያራግፍ አይቼ ተጣልቻለሁ። ይህ ደቂቃ ይፈጃል፣ የሆዱን ምግብ ወደ ሳንባው ያስገባል። የሰመጠውን ሰው የሚገድለው አየር ማጣቱ ነው፤ የሚፈልገውም አየር ነው። በጀርባው አስተኙት። ትንፋሽ መኖሩን ደረቱን እያያችሁ ከአሥር ሰከንድ በላይ ሳትቆዩ አረጋግጡ። ከሌለ አገጩን ቀና፣ ግንባሩን ወደ ኋላ አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ንፉ፤ ሕፃን ከሆነ አፉንና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ በቀስታ። ደረቱ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ ጫኑ፣ ለአዋቂ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ለልጅ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ በሚጠጋ ፍጥነት። እንደገና ሁለት ጊዜ ንፉ፣ 30 ጊዜ ጫኑ። ባለሙያ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ አትቁሙ፤ የደከመው ለሌላው ያቀብል። ቢያስመልሰው ወደ ጎን አዙራችሁ አፉን ጥረጉና ቀጥሉ።

ዓይኑን ገልጦ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ሻይ ስጡኝ ቢልም ወደ ቤት አይወሰድም። ሳንባው ውስጥ የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። «ደህና ነው፣ መልሱት» ብትባሉም ለሰዓታት አብራችሁት ተቀመጡ፤ ማሳል፣ ማቃሰት፣ ከንፈሩ መጥቆር፣ ያለ ልማዱ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ካያችሁ መልሳችሁ ውሰዱት።